ሙዚየሙ ይደግስ፤ ግን በሜትር ለክቶ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የሰፈር ሙዚየም በዓል ማክበር፣ የምሽት ዝግጅት ማሰናዳት፣ አዳራሹን ለጎረቤቱ መክፈት አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ክርክር በገጾቻችሁ ላይ ሲመላለስ እናያለን። አንዱ ወገን ሙዚየም የሠርግ አዳራሽ አይደለም ይላል። ሌላው ሰው የማይረግጠው ሙዚየም ከመጋዘን በምን ይሻላል ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የተዘለለው ሥራው ነው። ድግሱን የሚያሳምሩት ከሁለት ሳምንት በፊት ሜትር ይዞ ወለሉን የለካው ሰውና በዕለቱ በሩ ላይ የርክክብ ደረሰኝ ይዞ የተቀመጠው ሰው ናቸው፤ የሚያበላሹትም እነሱ ካልኖሩ ነው። ስለ ንግግር አድራጊዎቹ የሚጽፍ ስለማይጠፋ፣ እኛ ስለ እነዚህ ሁለቱ እንጽፋለን።

ይደገስ አይደገስ የሚለውን ቶሎ እንለፈው። ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ፕራግ ላይ ያጸደቀው ትርጉም፣ ሙዚየም ለሕዝብ ክፍት ሆኖ፣ ማኅበረሰቡን አሳትፎ፣ ለትምህርትም ለመደሰትም የሚሠራ ተቋም መሆኑን ይናገራል። መደሰት እዚያው ትርጉሙ ውስጥ ተጽፏል። ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የሙዚየም ቀንን ያከብራል፤ ቀኑ በፈረንጆቹ ሜይ 18፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 10 ላይ ይውላል።

የሰፈር ሙዚየም ሲባል በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው በዋሽንግተን ከተማ አናኮስቲያ ሰፈር እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1967 የተከፈተውን ነው። ቤቱ የቀድሞ ሲኒማ ቤት ነበር። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ጆን ኪናርድም ከሙዚየም ሙያ ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎትና ከማኅበረሰብ ሥራ የመጡ ሰው ነበሩ። በ1969 ያቀረቡት ዐውደ ርእይ ስለ አይጥ ነበር፤ የሰፈሩን ሰው እንቅልፍ የነሳው አይጥ ነበርና። ከዚህ የምንወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው። የዝግጅቱ ርዕስ ከሰፈሩ ጉዳይ ሲነሳ ሰው ይመጣል፣ ሲመጣም የሚናገረው፣ የሚያመጣውም ነገር ይኖረዋል። ርዕሱ ከቢሮ የወጣ ከሆነ ግን ሰው መጥቶ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል።

አሁን ወደ ወለሉ። ርዝመትን በወርድ ማባዛት አይበቃም። 12 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ክፍል በወረቀት ላይ 120 ካሬ ሜትር ነው። የመስታወት ሣጥኖቹ የያዙት ቦታ፣ በየሣጥኑ ዙሪያ ክርን እንዳያርፍበት የሚተወው ግማሽ ሜትርና ወደ መውጫው የሚወስደው መተላለፊያ ይቀነሳል። ይህ ሁሉ 36 ካሬ ወስዷል እንበል፤ 84 ቀረ። በአሜሪካ በስፋት የሚሠራበት የሕንፃ ደንብ ለሙዚየም አዳራሽ በሰው 2.8 ካሬ ሜትር ግድም ይይዛል፤ ስለዚህ በተራ የጉብኝት ቀን 30 ሰው ይሆናል ማለት ነው። ጠረጴዛና ወንበር ሲገባ ስሌቱ ወደ 1.4 ይወርዳል፤ 60 ሰው። ወንበር ብቻ በረድፍ ሲደረደር 0.65 ነው፤ 129 ሰው። ዝግጅት የሚያሰናዳ ኮሚቴ ሁልጊዜ የሚወደው የመጨረሻውን ቁጥር ነው። ግን በሩስ? ክፍሉ መውጫው አንድ ብቻ ከሆነ ያው ደንብ ከ49 ሰው በላይ አያስገባም፤ የእንግሊዙ ደግሞ 60 ላይ ይቆማል። ስለዚህ የዚህ ክፍል እውነተኛ ቁጥር 49 ነው። የመጥሪያ ወረቀቱ የሚታተመውም በዚህ ልክ ነው።

180 ሰው መጋበዝ ካለበት መፍትሔው አራት ዙር ነው። በየዙሩ 45 ሰው፣ አንድ ሰዓት ጉብኝት፣ ግማሽ ሰዓት አየር ማናፈሻ። አንድ ሰው መቁጠሪያ ይዞ በሩ ላይ የገባውንም የወጣውንም ይቆጥራል። የገባውን ብቻ የሚቆጥር ሰው ማታ ለሪፖርት የሚሆን ቁጥር ያገኝ ይሆናል፤ በክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ግን አያውቅም።

ግማሽ ሰዓቱ ለምን አስፈለገ? ሰው ቆሞ ሲያወራ 100 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ በትንፋሹና በላቡ ደግሞ በሰዓት 50 ግራም ያህል ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል። 49 ሰው ለ3 ሰዓት ሲቆይ ከ7 ሊትር በላይ ውሃ ነው። የክፍሉ ጣሪያ 3 ሜትር ከሆነ አየሩ 360 ሜትር ኩብ ነው፤ በ20 ዲግሪ ሙቀትና በ50 በመቶ እርጥበት የያዘው ውሃ ከ3 ሊትር ብዙም አይበልጥም። እንግዶቹ አየሩ ከያዘው እጥፍ በላይ ውሃ ይጨምሩበታል ማለት ነው። ሙቀቱም ወደ 5 ኪሎ ዋት ይጠጋል። እንጨት ያብጣል፣ ብራና ይጠማዘዛል፣ በተቀባ እንጨት ላይ ያለው ቀለም ይላቀቃል፣ ተደራርቦ የተቀመጠ ፎቶ ይጣበቃል። ይህ ሁሉ በዚያው ምሽት አይታይም፤ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነውና ማንም ከድግሱ ጋር አያያይዘውም።

ስለዚህ የእርጥበት መለኪያ ከምግብ ጠረጴዛው ርቆ፣ ከዕቃዎቹ አጠገብ ይቀመጣል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ንባቡ በደብተር ይጻፋል። ከመነሻው በ10 ነጥብ ከፍ ካለ አዲስ ሰው አይገባም፤ በተቃራኒ ግድግዳ ያሉ መስኮቶች ይከፈታሉ። ውጭ ዝናብ ከሆነ መስኮቱን መክፈት ጭራሽ ያባብሰዋል፤ ያኔ የሚቀነሰው ሰው ነው። እንግዶቹ ከወጡ በኋላ ደግሞ ማቀዝቀዣን እስከ ጥግ ከፍቶ አየሩን በአንዴ ማድረቅ ሌላ ስሕተት ነው። ያበጠ እንጨት የሚሰነጠቀው ቶሎ ሲደርቅ ነው። ሣጥኖቹ በደንብ የሚዘጉ ከሆነ ለውጡን ቀስ አድርገው ያሳልፉታል፤ ለዚህ ነው በዝግጅት ቀን ለልዩ እንግዳ ተብሎ ሣጥን የማይከፈተው።

ብርሃን ላይ ሒሳቡ ቀላል ነው። ለጨርቅ፣ ለወረቀትና ለቀለም ፎቶ የተለመደው ጣሪያ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው፤ ለዘይት ቅብ 200። ጉዳቱ ይደመራል እንጂ አያገግምም። ለንግግርና ለካሜራ ተብሎ ክፍሉ ለ4 ሰዓት 500 ሉክስ ቢበራ 2,000 ሉክስ ሰዓት ነው፤ በ50 ሉክስ ቢሆን 40 ሰዓት፣ ማለትም አምስት ሙሉ የሥራ ቀን። አንድ ምሽት የሳምንት ድርሻውን በላ። የሚገርመው፣ ሰዉ የሚቆጣው በስልክ ፍላሽ ላይ ነው። ፍላሽ የሚፈራውን ያህል አይጎዳም፤ እንደ ብልጭታ አልፎ ይሄዳል። የሚጎዳው በእግሩ ቆሞ ምሽቱን ሙሉ የሚነደው የቪዲዮ መብራት ነው። መድረኩ ብርሃን ወደማይፈሩት ወደ ድንጋዩ፣ ወደ ሸክላውና ወደ ብረቱ በኩል ይሁን፤ በጨርቁ ሣጥን ላይ ደግሞ ወፍራም ጥቁር ጨርቅ ጣል ይደረግ። እንግዳው ሊያይ ሲፈልግ ገልጦ ያያል። ይህ ደግሞ ከታሰበው በላይ ሰውን ያስደስታል፤ የተሸፈነ ነገር መግለጥ የማይወድ የለም።

ስለ ድምፅ ማጉያ ማስጠንቀቅ ከባድ ነው፤ ማንም አያምንምና። እ.ኤ.አ. በ2013 በማንቸስተር ሙዚየም ኔብ ሰኑ የተባለው የግብፅ ሐውልት፣ ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በተዘጋ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ራሱን በራሱ ሲዞር ታየ። የዓለም ጋዜጣ ሁሉ የፈርዖን እርግማን ነው አለ። ሲመረመር መቀመጫው ከሥሩ ጎበጥ ያለ ነው፤ ከጎዳናው መኪናና ከጎብኚዎች እርምጃ የሚመጣው ንዝረት በለስላሳው መስታወት ላይ ቀስ በቀስ ያሽከረክረው ነበር። የእግር ኮቴ ይህን ካደረገ ሞንታርቦ ምን እንደሚያደርግ መገመት ነው። ዕቃው ካለበት ቦታ በቀን ሁለት ሚሊ ሜትር ቢንሸራተት አይታይም፤ የመደርደሪያው ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ይታያል። ማጉያው ሣጥኖቹ ካሉበት ግድግዳ ጋር አይገጥምም፣ ወለሉ ላይ በቀጥታ አይቀመጥም፤ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ይገባል። ፈተናው ቀላል ነው። ሙዚቃው ተከፍቶ እጅ በሣጥኑ መስታወት ላይ ይደረጋል። መስታወቱ በእጅ ላይ ከተንቀጠቀጠ ድምፁ ይቀነስ። ከሣጥኑ ውስጥ ያለው ዕቃ በሙሉ ከዝግጅቱ በፊትና በኋላ ከአንድ ነጥብ ፎቶ ይነሳ፤ ካሜራው የቆመበት ቦታ ወለሉ ላይ ምልክት ይደረግበት። ሁለቱን ፎቶ በኮምፒውተር ላይ ማፈራረቅ በቂ ነው፤ የተንቀሳቀሰው ይዘላል።

ኤሌክትሪክ ቀልድ አያውቅም። በሪዮ ዴ ዣኔይሮ የሚገኘው የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1818 ተመሠረተ፤ 200ኛ ዓመቱን ባከበረበት በ2018፣ ሴፕቴምበር 2 ምሽት፣ ነደደ። የፖሊስ ምርመራ እሳቱ የተነሳው በመሬት ወለል ባለው የስብሰባ አዳራሽ ከነበረ የአየር ማቀዝቀዣ ነው አለ። ትንሹ ሙዚየም ከዚህ የሚወስደው የስብሰባ ክፍሉ ከስብስቡ ክፍል ያልተናነሰ አደገኛ መሆኑን ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው። 10 አምፔር ብሬከር በ220 ቮልት የሚችለው 2,200 ዋት ነው። አንድ የውሃ ማፍያ ብቻውን 2,000 ይወስዳል። እሱን፣ ማጉያውንና ፕሮጀክተሩን አንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ብሬከሩን ይጥለዋል፤ መጣሉ ደግሞ ደግ ነው። የሚያሳዝነው ብሬከሩ እየወደቀ አስቸገረ ተብሎ በትልቅ ሲቀየር ነው፤ ያኔ የሚሞቀው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። የተጠቀለለ የማራዘሚያ ገመድም ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ካልተዘረጋ በራሱ ሙቀት ላስቲኩን ያቀልጣል። በገመዱ መጠቅለያ ላይ ተፍታቶና ተጠቅልሎ የሚችለው ዋት ለየብቻ ተጽፏል፤ የሚያነበው የለም።

የሚከለከሉት ነገሮች ዝርዝር አጭር ነው፤ ጭቅጭቅ የሚያመጣው ግን እሱ ነው። የተቆረጠ አበባ አንደኛው ነው። ምንጣፍ የሚበላው ጥንዚዛ ሲያድግ የሚመገበው የአበባ ብናኝ ነው፤ ከእቅፍ አበባው ጋር ገብቶ ከሱፍና ከላባ ዕቃው ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል፤ ሱፉን፣ ሐሩንና ቆዳውን የሚበሉት እጮቹ ናቸው። ሻማ ጥቀርሻ ይተፋል፤ በባትሪ የሚሠራው ይበቃል። ብልጭልጭ ወረቀት ወደ ሣጥኑ ስንጥቅ ይገባል፤ ከዓመት በኋላም ይወጣል። በቀለም ግድግዳና በሣጥን እንጨት ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ይነሳል፤ ማስታወቂያ በራሱ ቆሞ በሚቀመጥ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ፊኛ ደግሞ ልዩ ታሪክ አለው። የሚያብረቀርቀው፣ በጋዝ የተሞላው ፊኛ ጣሪያ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሌሊት ጋዙ ሲቀንስና አየሩ ሲቀዘቅዝ ቀስ ብሎ ወርዶ በክፍሉ መሃል ይንሳፈፋል። የእንቅስቃሴ ጠቋሚው ሌባ ገባ ብሎ ይጮኻል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ ጥበቃው ማንቂያውን ማጥፋት ይለምዳል፤ ትልቁ ጉዳት ይህ ነው።

ምግብና መጠጥ በተለየ ክፍል ወይም በግቢ ውስጥ ይሁን። አንድ ክፍል ብቻ ካለ ጠረጴዛው መውጫው አጠገብ ይሁን፣ ከዕቃዎቹ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ የሚቀርበው መጠጥ ቀለም የሌለው፣ የሚቀርበው ምግብ በአንድ ጉርሻ የሚያልቅና የማይፈረፈር ይሁን። ቆሻሻው በዚያው ሌሊት ከሕንፃው ይወጣል፤ ነገ የሚባል ነገር የለም። ነገ የተባለው ቆሻሻ ነው አይጥን የሚጠራው።

ጠባቂ ስንት ይበቃል ለሚለው፣ በየክፍሉ አንድ፣ በሩ ላይ አንድ፣ ደግሞ አንድ ተተኪ። የክፍሉ ጠባቂ ጀርባውን ለዕቃ፣ ፊቱን ለሰው ሰጥቶ ነው የሚቆመው፤ በተቃራኒው የቆመ ሰው ራሱ ጎብኚ ሆኗል። የጀርባ ቦርሳ በሩ ላይ ይቀራል። ሰው ዞር ሲል ዕቃ የሚጥለው እጁ ሳይሆን ከኋላው ያዘለው ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ እንዳይጎዳ ነው። ድግሱ ለሙዚየሙ የሚያተርፍለት ግን ሌላ ቦታ ነው። ሰዎች ከቤታቸው ፎቶና ዕቃ ይዘው የሚመጡበት ቀን ከሁሉ የሚጠቅም፣ ከሁሉም የሚያጣላ ቀን ነው። ለምን እንደሚያጣላ እንናገር። አንድ ሰው የአያቱን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ያሳያል፤ እንዲያው እዚሁ ይቆይ ብሎ ይሄዳል። ሰጠ? አዋሰ? እንዲታይለት ተወ? ከአምስት ዓመት በኋላ ልጁ መጥቶ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጥ ወረቀት የለም። ስለዚህ ደረሰኝ ሳይጻፍ አንዲት ቁልፍ እንኳ ከጠረጴዛው አታልፍም። ደረሰኙ ሦስት ቅጂ ነው። አንዱ ለባለቤቱ፣ አንዱ ለመዝገቡ፣ አንዱ ከዕቃው ጋር በክር የሚታሰር። የሚጻፈውም የአምጪው ስምና አድራሻ፣ የዕቃው መግለጫና ልኬቱ፣ ያለበት ሁኔታ (የተሰነጠቀው፣ የጎደለው)፣ የቀረበት ምክንያት፣ የሚመለስበት ቀን፣ የሁለቱም ፊርማ። በግልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ይታከልበታል፤ ይህ ደረሰኝ የባለቤትነት ማስተላለፊያ አይደለም የሚል። ስጦታ ከሆነ የስጦታ ውል ሌላ ቀን፣ ሰከን ተብሎ ይፈረማል። በበዓል ሞቅታ የተሰጠ ዕቃ ማግስቱን እህትና ወንድም ያጣላል፤ የውርስ ዕቃ ብዙ ጊዜ የአምጪው ብቻ አይደለምና።

የሱፍ፣ የቆዳና የላባ ዕቃ ከሆነ ወደ ማከማቻው በቀጥታ አይገባም። በወፍራም ላስቲክ ከረጢት ታሽጎ በ30 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሦስት ቀን፣ ተራ የቤት ፍሪዘር ብቻ ካለ ደግሞ በ20 ከዜሮ በታች ሁለት ሳምንት ይቀመጣል። ከወጣ በኋላ ከረጢቱ ለ24 ሰዓት አይፈታም፤ ቶሎ ከተፈታ ጤዛው ዕቃው ላይ ያርፋል። የተቀባ እንጨት፣ መስታወትና የእንስሳ ጥርስ ያለበት ዕቃ በዚህ መንገድ አይታከምም። ጥይት የያዘ መሣሪያና የቆየ የናይትሬት ፊልም ደግሞ ጭራሹን በሩን አያልፉም፤ ፊልሙ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠራ፣ የሚጣበቅና የሚሸት ከሆነ ከሰው መሃል ይራቅ፤ በቀላሉ ይቀጣጠላል።

ፎቶ ለመቅዳት አንድ ስካነርና ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ይቀዳል፣ አንዱ ይጠይቃል። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ሲቀዳ 8 ሚሊዮን ነጥብ ያህል አለው፤ ሳይጨመቅ ቲፍ በሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት ሲቀመጥ 25 ሜጋ ባይት ነው። ዋናው ጊዜ የሚያልፈው ግን በመቅዳት ሳይሆን በመጠየቅ ነው። በሰዓት ከ15 ፎቶ በላይ የሠራ ጠረጴዛ ጥያቄውን ዘሏል ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ሰው ሦስት ፎቶ ብቻ ይባል። አልበም ሙሉ ያመጣ ሰው ሌላ ቀን ይቀጠርለት፤ ሰልፉን ይዞ መቆም የለበትም።

በጣም የምንወደው ጠረጴዛ በፎቶ ላይ ያሉ ሰዎች የሚለዩበት ጠረጴዛ ነው። ሙዚየሙ ያሉትን፣ ስም የሌላቸውን የቡድን ፎቶዎች በትልቅ ወረቀት አሳትሞ ይዘረጋል። ከላያቸው በሚደረግ፣ ምስሉን አሳልፎ በሚያሳይ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱ ራስ ዙሪያ ተስሎ ቁጥር ይሰጠዋል። ከሥሩ ቁጥር በቁጥር ባዶ መስመር አለ። ጠያቂው ይሄ እገሌ አይደሉም እንዴ? አይልም። እንዲህ የተጠየቀ ሽማግሌ ሰውን ላለማሳፈር ይመስለኛል ይላል፤ መምሰሉ መዝገብ ላይ እውነት ሆኖ ይቀራል። ቁጥር 7 ማን ናቸው? ብሎ ዝም ማለት ነው። ከመልሱ ጋር የተናጋሪው ስም፣ ቀኑና እርግጠኛ ነኝ ወይም ይመስለኛል ማለታቸው ይጻፋል። ሌላ ሰው የተለየ ስም ከሰጠ ሁለቱም ይቀመጣሉ፤ ማንም አይሰረዝም። ግራና ቀኝ የሚባለው በተመልካቹ ግራና ቀኝ መሆኑ ከላይ ይጻፍ፤ ይህ ባለመጻፉ ሙሉ ረድፍ ሰው ስሙ ተገልብጦ የተመዘገበበት ፎቶ ብዙ ነው። ሴቶች ሲጠየቁ ደግሞ የእገሌ ባለቤት፣ የእገሌ እናት የሚል መልስ ይበዛል። እሳቸውስ ስማቸው ማን ነበር? ብሎ አንዴ መጨመር ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ትንሽ ዝምታ ይሆንና ስሙ ይመጣል። ያንን ስም ሌላ የትም መዝገብ ላይ ላናገኘው እንችላለን።

ይህ ጠረጴዛ ከማጉያው ይራቅ፣ መቀመጫው መደገፊያ ይኑረው፣ ማጉያ መነጽር ይቀመጥ። በዋናው ፎቶ ጀርባ በእስክሪብቶ መጻፍ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ቀለሙ ወደ ፊት ይዘልቃል፣ ጫናውም በምስሉ ላይ ይታያል። ቁጥሩ በፖስታው ላይ፣ በእርሳስ፣ ፎቶው ሳይገባበት ይጻፍ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ያለው ሥራ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ተረኛው ከመጀመሪያው ታውቆ፣ ከድግሱ ቀድሞ በልቶ፣ አርፎ የሚጠብቅ ሰው መሆን አለበት። ቀኑን ሙሉ የቆመ ሰው ማታ ምንም አያይም። የፎቶ ማነጻጸሩ፣ የእርጥበት ንባቡ፣ ሶኬት መንቀሉ፣ ቆሻሻው፣ የደረሰኝ ቁጥርና የዕቃ ቁጥር መግጠሙ። ደረሰኝ 23፣ ዕቃ 24 ከሆነ ቤቱ አይዘጋም። የነፍሳት ማጣበቂያ ወጥመድ በየማዕዘኑ ይቀመጥና ቀን ተጽፎበት ለሁለት ወር በየሳምንቱ ይታይ። ብልም ሆነ ጥንዚዛ በማግስቱ አይታይም፤ እንቁላሉ እስኪፈለፈል ጊዜ ይፈልጋል።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለን። የሙዚየም ዝግጅቶችን በማስታወቂያ ዓምዳችሁ ስታወጡ የመነሻ ሰዓቱን ብቻ ትጽፋላችሁ፤ ሰው ሁሉ በዚያች ሰዓት በሩ ላይ ይደርሳል። የየዙሩን ሰዓት፣ በየዙሩ የሚገባውን የሰው ብዛት፣ ቦርሳ በሩ ላይ እንደሚቀርና በነፍስ ወከፍ ሦስት ፎቶ ብቻ እንደሚቀዳ ብትጨምሩልን ሁለት መስመር ነው የሚወስደው። ሙዚየሞቹ ይህን ራሳቸው ጽፈው ካልላኩላችሁም ከማተማችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቋቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
በትንንሽ ሙዚየሞች የስብስብ ጥበቃና የዝግጅት ሥራ ላይ የምንገኝ ባለሙያዎች